የኔትወርክ መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር በየጊዜው እየቆመ ተቸግሬያለሁ (ኮምቦልቻ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ስዊቾቹንና ራውተሮቹን የሚከታተለው ሶፍትዌር ድንገት ይቆማል፤ በእጄ ካላስነሣሁት አይመለስም። ኔትወርኩ ይሠራል፤ እኔ ግን አላየውም። ባለፈው የአንድ ምርት መስመር ስዊች መበላሸቱን የሰማሁት ከመስመሩ ኃላፊ ነው። አምራቹ ባወጣው ማሳሰቢያ ላይ «ቅርጹ የተበላሸ የኤስኤንኤምፒ መልእክት አገልግሎቱን ሊያስቆም ይችላል» ይላል (ኤስኤንኤምፒ ሶፍትዌሩ ከኔትወርክ ዕቃዎቹ ጋር የሚነጋገርበት ደንብ ነው)፤ መፍትሔው አዲሱን እትም መጫን ነው። አለቃዬ ደግሞ ሥራ በበዛበት ወቅት እንዳትነካው ብሎኛል። ሶፍትዌሩና ዕቃዎቹ የሚተዋወቁበትን «ፐብሊክ» የሚለውን የይለፍ ቃል ብቀይረውም ለውጥ የለም። እስከዚያ ምን ላድርግ?

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦ አብሽር። መጀመሪያ መብራቱን ጠርጥር፤ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነም ተመልከት። ሁሉን ነገር በጥቃት ማሳበብ ልማድ ሆኗል።

ጠያቂ፦ ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ስለሆነ አይጠፋም። ዲስኩም ሰፊ ቦታ አለው። ግን ሰዓቱን ሳመሳክር ሶፍትዌሩ የሚቆመው መብራት በሄደ በሰከንዶች ውስጥ ነው።

ቦርከና፦ ይህማ ትልቅ ፍንጭ ነው። ዋየርሻርክን (በኔትወርኩ የሚያልፉ መልእክቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተህ ዩዲፒ በሚባለው መላኪያ ደንብ በር ቁጥር (ፖርት) 162ን ብቻ ተከታተል። ዕቃዎቹ ሳይጠየቁ የሚልኩት ትራፕ የሚገባው በዚያ ነው፤ 161 ሶፍትዌሩ እነርሱን የሚጠይቅበት ነው። በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ መረጃ ዓይነቱን፣ ርዝመቱን፣ ከዚያም ይዘቱን አስከትሎ ይመጣል። ርዝመቱ ከጠቅላላው ፓኬት የሚበልጥ ቁጥር ከሆነ ሌባውን ያዝኸው። ቁጥሩን ሳያጣራ የሚያምን ሶፍትዌር ከተመደበለት ማህደረ ትውስታ አልፎ ሲያነብ ይወድቃል።

የይለፍ ቃል መቀየሩ ለምን እንዳልረዳህም ልንገርህ። ቃሉ ያለው እዚያው መልእክት ውስጥ ነው፤ ሶፍትዌሩ ቃሉን ለማየት መጀመሪያ መልእክቱን መፍታት አለበት። የሚወድቀው ደግሞ ሲፈታ ነው። ቃሉ ትክክል ይሁን ስሕተት ወደማጣራቱ አይደርስም።

ጦሳ ሥር፦ ይህ ጣጣ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንዱ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሠሩት መፈተሻ የብዙ አምራቾች ዕቃ በኤስኤንኤምፒ ሥሪት 1 ላይ እንዲህ ሲወድቅ ታይቶ ነበር። ያኔ የተሰጠው ምክር ዛሬም ይሠራል፦ 161 እና 162ን ከውጭ ዝጋ፤ ከውስጥም በስም የምታውቃቸው ዕቃዎች ብቻ ወደ ሰርቨሩ እንዲደርሱ ፋየርዎሉን አጥብቅ። ዩዲፒ ላይ የሌላውን አድራሻ አስመስሎ መላክ ስለሚቻል ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ዕቃዎቹን ከሠራተኛው ዋይፋይ ለይተህ በራሳቸው ቪላን (በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ተለይቶ የሚከፈል ክፍል) አስቀምጣቸው።

ጠያቂ፦ ተገኘ፣ ጋሼ! የድሮው ዩፒኤስ የኔትወርክ ካርድ ነው። መብራት ሲሄድ «በባትሪ ላይ ነኝ» የሚል ትራፕ ይልካል፤ ፓኬቱ ከ100 ባይት አይበልጥም፣ ርዝመቱ ላይ ግን 65,535 ተጽፏል። ካርዱ ትራፕ እንዳይልክ ዘግቼ ሶፍትዌሩ በ161 እንዲጠይቀው አደረግሁ። ዛሬ መብራት ሄዶ አልቆመም። አጥቂ ከሌለ ታዲያ አዲሱን እትም መጫኑ ይቅር?

ቦርከና፦ አይቀርም። ካርዱ ሳያውቅ የላከውን ሌላው አውቆ ይልከዋል፤ ክፍተቱ እዚያው ነው። ካርዱ በ161 የሚመልሰውንም መልስ ፈትሽ፤ አንዱን ያበላሸ ሌላውን አያበላሽም ማለት አይቻልም።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦ መብራቱን ጠርጥር ብዬ አልነበር? ለአለቃህ ስለ ተጋላጭነት አታብራራ፤ መብራት የሄደበትን ሰዓትና ሶፍትዌሩ የቆመበትን ሰዓት ጎን ለጎን ጽፈህ ስጠው። ፈረቃ የሌለበትን ቀን ያስመርጥልሃል። ከመጫንህ በፊት ዳታቤዙን ቅዳ፤ አዲሱን እትም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክረው።

ጦሳ ሥር፦ ከጫንህም በኋላ ያጠመድኸውን ፓኬት እዚያው የሙከራ ኮምፒውተር ላይ መልሰህ ላክበት። ካልወደቀ ያን ጊዜ ወደ ፋብሪካው አስገባው።