ፊያት 124 ስፓይደር፦ እግሬ ሲመቸው መሪው ይርቀኛል፣ ምን ላድርግ?

ጦሳ_ሥር (ደሴ)
አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ከአጎቴ የወረስኩት ፊያት 124 ስፓይደር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የድሮ ስፖርት መኪና አለችኝ። ሞተሩም ካምቢዮውም ፍሬኑም ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ወንበሩ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ86 ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ስገፋው እግሬ ይመቸዋል፣ ግን መሪውን ለመያዝ ክርኔ ቀጥ ይላል፣ ትከሻዬም ከመደገፊያው ይነሳል። ወደ ፊት ሳመጣው ደግሞ ፍሪሲዮን ስረግጥ ግራ ጉልበቴ መሪውን ይነካል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ አንገቴና ወገቤ ደርቆ ነው። አንድ ጋራዥ «ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ቆርጠን ወደ ኋላ እንበይደው» አሉኝ። ልስማማ? የአጎቴ መኪና ናት፣ እንድትጎዳ አልፈልግም።

የሐይቋ (ሐይቅ)
እኔ የአባቴን ቮልስ ነው የምነዳው። አጭር ስለሆንኩ ከጀርባዬ ትራስ አደርጋለሁ፣ ተመችቶኛል። አንተም ትራስ ብትሞክር ትከሻህ ወደ መሪው ይጠጋልሃል።

አሮጌ_ቁልፍ (ኮምቦልቻ)
ወንድምዓለም አብሽር፣ መፍትሔ አለው። ሐዲዱን ግን በፍጹም አታስቆርጥ! ወንበር የሚይዝህ ፍሬን ስትይዝና ስትጋጭ ነው፤ ባረጀ ላሜራ ላይ የተበየደ ሐዲድ ነፍስህን እንዲይዝ አልመኝልህም። ደግሞም ችግርህ የእግር ቦታ አይደለም። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲሄድ እግርህ ተመችቶታል ብለሃል። የራቀህ መሪው ነው።

ይህ የአንተ መኪና ብቻ ጠባይ አይደለም። የዚያ ዘመን የጣሊያን መኪኖች ብዙዎቹ እጅ ረጅም፣ እግር አጭር ለሆነ ሰው የተሠሩ ይመስላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩ የመኪና ተወዳዳሪዎች መሪውን ደረታቸው ሥር አስጠግተው ነበር የሚነዱት። እ.ኤ.አ. በ1950 የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነው ጁሴፔ ፋሪና ግን ወደ ኋላ ተደግፎ፣ እጁን ዘርግቶ በመንዳት ይታወቅ ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሰውየው የባቲስታ ፋሪና የወንድም ልጅ ነው። ባቲስታ ማለት እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ የታየችውን የአንተን ስፓይደር አካል የነደፈው የፒኒንፋሪና ድርጅት መሥራች ነው። እጅን መዘርጋት በውድድር ሜዳ ያምር ይሆናል። ኃይል የሚያግዘው መሪ በሌለው መኪና ሐረጎን መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክርኑ የተዘረጋ ሰው መሪውን የሚያዞረው በትከሻው ነው፣ ቶሎ ይደክማል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ወንበሩን ፍታና ከሥሩ እይ። ስፖንጁ አልቆ ወይም የሚሸከመው ላስቲክ ላልቶ ከሆነ ዳሌህ ይሰምጣል፣ ወገብህ ይጎብጣል፣ ትከሻህም ከመሪው ይሸሻል። እንደ እኔ ግምት የወገብህ ሕመም ግማሹ ከዚህ ነው። ስፖንጁን ስታስቀይር ግን ከፍታውን ተጠንቀቅ፤ አንተ ረጅም ነህ፣ ዓይንህ ከፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ በታች መቅረት አለበት፣ የሸራው ጣሪያም ራስህን መንካት የለበትም።

ከዚያ ከግራ እግርህ ጀምር። መቀመጫህን ከመደገፊያው ጥግ አስጠግተህ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጥ፤ ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት። ወንበሩን እዚያ አቁመውና ስለ እጅህ ብለህ አታንቀሳቅሰው። ቀጥሎ መደገፊያውን ቀና አድርገው። ብዙ ሰው ስፖርት መኪና ውስጥ ተጋድሞ መቀመጥ ይወዳል፤ ትከሻህን ወደ መሪው የሚያመጣው ግን ይህ ቀና ማለት ነው፣ ምንም ወጪ የለውም። ጀርባህ ሳይነሳ እጅህን ዘርጋ፤ የእጅ አንጓህ የመሪው አናት ላይ ካረፈ ጨርሰሃል።

ካላረፈ መሪው ወደ አንተ ይምጣ። መሃሉ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ጠርዙ ወደ ሹፌሩ የሚወጣ መሪ አለ፤ ለመኪናህ ከተሠራ መገጣጠሚያው ጋር ፈልገው። ዙሪያው ትንሽ ካነሰ ጉልበትህም ይተርፋል፤ በጣም ካነሰ ግን መኪናው ቆሞ ስታዞረው ይከብድሃል፣ የዳሽቦርዱን ሰዓቶችም ይጋርድብሃል። ሮንዴላ እየደረደሩ መሪ ማርዘም የሚባለውን እንዳታስበው። የድሮውን መሪ ጠቅልለህ አስቀምጠው፣ የአጎትህ ነውና።

እታለም፣ ያንቺ ትራስ ቀጭንና የማይንሸራተት ከሆነ ላንቺ ይሠራል። እሱ ግን ትራስ ካደረገ ወገቡ ወደ ፊት ይመጣና ጉልበቱ እንደገና መሪው ሥር ይገባል።

ጦሳ_ሥር
አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። መደገፊያውን ቀና አድርጌ ሞከርኩት፣ ጣቴ እንጂ አንጓዬ አልደረሰም፤ ያሉትን ዓይነት መሪ ማፈላለግ ልጀምር ነው። ወንበሩን ስፈታው በግራ በኩል ላስቲኩ ተበጥሷል። መሪው ሲቀርብ ደረቴ ላይ አደጋ የለውም?

አሮጌ_ቁልፍ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤርባግ የለህም፤ ከደረትህ እስከ መሪው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይኑር፣ ቀበቶም እሰር። ላስቲኩን በሁለቱም በኩል ቀይረው፣ አንዱን ብቻ ከቀየርክ ጎንህ ያዘነብላል። ለስፖንጁ ሶፋ የሚሠሩት ጋር ሂድና ጠንካራውን ጠይቅ።

ስትገጥመው የወንበሩን ማቆሚያ ጥርስ ተመልከት። ካለቀ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ወንበሩ ከነአንተ ወደ ፊት ይሮጣል። ገጥመህ ከጨረስክ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀምጠህ በሁለት እግርህ ወለሉን ግፋ፣ ከዚያ መሪውን ይዘህ ራስህን ወደ ፊት ሳብ፤ «ቋ» የሚል ነገር ከሰማህ አትውጣበት። መጀመሪያ በሐርቡ መስመር ሜዳው ላይ ሞክረው፣ ሐረጎን ከዚያ በኋላ። ስፖኪዮዎቹንም እንደገና አስተካክል፣ የተቀመጥክበት ቦታ ተቀይሯል።