የደሴት ክለቦች የራሳቸው ዋንጫ ያስፈልጋቸዋል ወይስ ከትልልቆቹ ጋር ይጋጠሙ? (የሀዋሳ ልጆች ክርክር)

ታቦር፦ ትናንት ቡና ላይ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። የካሪቢያን ደሴቶች ክለቦች ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኮንካካፍ (የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ እና የካሪቢያን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ካሪቢያን ካፕ አላቸው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ከትልልቆቹ ጋር ወደሚጋጠሙበት ወደ ኮንካካፍ ሻምፒዮንስ ካፕ ያልፋሉ። በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ትንሽ ክለብ መጀመሪያ ከእኩያው ጋር ይልመድ።

መናኸሪያ፦ አልስማማም። ከእኩያህ ጋር ብቻ ስትጫወት የምትበልጠው እኩያህን ብቻ ነው። ኦሺንያን እይ። አውስትራሊያ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ወደ እስያ ኮንፌዴሬሽን ከሄደች በኋላ የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ሲቲ የኦሺንያን የክለቦች ዋንጫ ደጋግሞ በላ። በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ ግን ባየርን 10 ለ 0 ረመረመው!

ታቦር፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የነገርከን። ያው ኦክላንድ በዚያው ውድድር ከአርጀንቲናው ቦካ ጁኒየርስ ጋር 1 ለ 1 ወጥቷል። ጎሉን ያገባው ተከላካይ መምህር ለመሆን የሚማር ልጅ ነው። የአህጉሩ ዋንጫ ባይኖር ቦካን የት ያገኘው ነበር?

ሐይቅ ዳር፦ ካቫሊየርንም አትርሱ። የጃማይካው ክለብ በካሪቢያን ካፕ በኩል አልፎ በመጋቢት 2025 የሜሲን ክለብ ኢንተር ማያሚን ገጠመ። በድምር 4 ለ 0 ተሸነፈ፣ እውነት ነው። ግን ሜሲ ኪንግስተን ድረስ ሄዶ ተጫወተ። ለዚያ ሰፈር ልጆች ይሄ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

አላሙራ፦ ለእኛስ ምን ይፈይዳል? ከደሴት ካነሳችሁ ቅርባችን ዛንዚባር ናት። ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) በመጋቢት 2017 (እ.ኤ.አ.) አባል አድርጎ፣ በሐምሌ መልሶ ሰረዛት። ክለቦቿ ግን በካፍ ውድድር ይጫወታሉ፣ በሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ ማኅበራት ምክር ቤት) የክለቦች ውድድር፣ በካጋሜ ዋንጫም አሉበት።

ታቦር፦ እኔም ወደዚያ ልመጣ ነበር። ካጋሜ ዋንጫን የበላ ክለብ ሽልማቱን ይዞ ይመለሳል እንጂ በእሱ ብቻ የካፍ ቻምፒየንስ ሊግ አይገባም። ካፍ የሚያየው የአገር ውስጥ ሊግህን ነው። የካሪቢያኑን የሚለየው ወደ ላይ የሚያስገባ በር ስላለው ነው። ሴካፋ አንድ ቦታ ከካፍ ይጠይቅ። ያኔ ሀዋሳ ከተማም ሊጉን ባይበላ ሌላ መንገድ ያገኛል። በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነናል፤ ከዚያ ወዲህ እየጠበቅን ነው።

መናኸሪያ፦ በሩ ይከፈት ካልክ እስማማለሁ። ግን መጀመሪያ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ይኑረን። ክለቦቻችን የሜዳቸውን ጨዋታ ሰው አገር ሄደው ሲያደርጉ አይተናል። ደጋፊ በሌለበት ሜዳ ማን ያሸንፋል?

ታቦር፦ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሁለቱም ይጠየቅ፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅ።