አባቴ ግላኮማ አለበት፤ የዘረመል ጥናቱ ለእኛ ምን ይነግረናል?

የደሴዋ (ፊላደልፊያ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ የሚኖረው አባቴ የዓይን ነርቭን በሚጎዳው በግላኮማ በሽታ ምክንያት የግራ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። ለዓመታት «እርጅና ነው» ሲባል ቆይቶ ሐኪም ዘንድ የሄደው መንገድ ሲሻገር በጎን የሚመጣውን ባጃጅ ማየት ሲያቅተው ነው።

እኔ በምኖርበት ከተማ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥቁሮች ላይ ስላካሄዱት የግላኮማ ዘረመል ጥናት ሲያብራሩ በቅርቡ አዳመጥኩ። በጎርጎርዮሳውያኑ 2024 ያወጡት ውጤት 11,275 የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ያካተተ ሲሆን፣ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 46 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ጥቁሮች ከነጮች አራትና አምስት እጥፍ በዚህ በሽታ እንደሚያዙ ከባልቲሞር የወጣው ጥናት በጎርጎርዮሳውያኑ 1991 ተናግሯል፤ እስካሁን ግን አብዛኛው የዘረመል ምርምር በአውሮፓ ዝርያዎች ላይ ነው የቆየው።

እኔ 43 ዓመቴ ነው። አንዱ ወንድሜ ደሴ፣ ሌላው ሪያድ ነው። የዘረመል ምርመራ ማድረግ ይጠቅመናል?

የዓይን ነርስ (ሐዋሳ)፦

እኅቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ገንዘባችሁን ለዘረመል ምርመራ አታውጡ። የአባታችሁ መታመም ራሱ ሦስታችሁም ቶሎ እንድትታዩ የሚያስገድድ ማስረጃ ነው። በጎርጎርዮሳውያኑ 1997 የተለየው ማዮሲሊን የሚባለው ዘረመል በአንዳንድ ቤተሰብ ገና በወጣትነት በሽታውን ያመጣል፤ በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ግን ብዙ ዘረመሎች ተደምረው ነው፣ የእያንዳንዱም ድርሻ ትንሽ ነው።

የሰማሽው ጥናት ትልቅ ሥራ ነው። ከራሳቸው ከጥቁሮች መረጃ የተሠራው የተጋላጭነት ስሌት (ሰው በዘረመሉ ምን ያህል ለበሽታው እንደተጋለጠ የሚገምተው)፣ እጅግ ከሚበልጥ የአውሮፓውያን መረጃ ከተሠራው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን የጥቁር አሜሪካውያን የዘር ሐረግ በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ የእኛ ሌላ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከሌንሱ ላይ ነጭ ብናኝ የሚከማችበት፣ ኤክስፎሊዬሽን የሚባለው ዓይነት ብዙ ይታያል። ለዚህ ዓይነቱ ተጋላጭነት የሚጨምረው ሎክስል-አንድ የሚባለው ዘረመል በጎርጎርዮሳውያኑ 2007 በአይስላንድና በስዊድን ሰዎች ላይ ነው የተገኘው። በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ላይ ሲታይ ግን፣ ነገሩ ተገልብጦ፣ አደገኛው የዘረመል ፊደል የአውሮፓውያኑ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ! የሌላውን ሕዝብ ውጤት ገልብጦ መውሰድ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ የእኛ ሰው ካልተጠና የእኛ ስሌት አይኖርም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ የዓይን ግፊት ተለክቶ ብቻ «ደህና ነው» ከተባላችሁ በዚያ ረክታችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። ግፊቱ ከመደበኛው ሳያልፍ ነርቩ የሚጎዳ ሰው አለ። ኮርኒያው (የዓይኑ የፊት ግልጽ ሽፋን) ቀጭን ከሆነም መሣሪያው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ይህ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደ ነው። ብሌኑን በጠብታ አስፍተው ነርቩን ይዩላችሁ፤ የእይታ ስፋትና የኮርኒያ ውፍረትም ይለካ። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው በቀዶ ሕክምና ብርሃኑ ሲመለስለት በየቀኑ አያለሁ። በግላኮማ የጠፋው አይመለስም።

ማሙሽ (ዋሽንግተን)፦

ወላጆቻቸው አሜሪካ ላሉ፦ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ያላቸው 50 ዓመት የሞላቸው ጥቁሮች በዓመት አንድ ጊዜ የግላኮማ ምርመራ ይሸፈንላቸዋል፤ በቤተሰብ በሽታው ያለባቸውም እንዲሁ። እናቴን በዚህ ነው ያሳየናት። ብዙ ሰው አያውቀውም።

የደሴዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሦስታችንም ቀጠሮ አስይዛለሁ። የሪያዱ ወንድሜ ዓይኑን ስለሚያሳክከው ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ጠብታ ከፋርማሲ እየገዛ ለወራት ይጠቀማል። ይህ ያሳስባል?

የዓይን ነርስ (ሐዋሳ)፦

በጣም ያሳስባል። እንዲህ ያለ ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ የቤተሰብ ግላኮማ ባለበት ሰው ላይ ይብሳል። እርሱ ከሁላችሁ ቀድሞ በዚህ ሳምንት ይታይ፤ የጠብታውን ብልቃጥም ይዞ ይሂድ።