ጥያቄ፦ ካውቦይም ሳይንስም ያለበት ፊልም ለተማሪዎች የምታውቁ?

ጠመኔ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዓርብ ከሰዓት የሳይንስ ክበብ አለን፤ ልጆቹ ፊልም ካላሳየኸን ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ግማሾቹ ካውቦይ ይላሉ፣ ግማሾቹ ሮቦት። ሁለቱንም ያጣመረ ፊልም ካለ ጠቁሙኝ። ፈረስና ሽጉጥ ብቻ ሳይሆን አንድ ነገር የሚፈለስፍ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቢኖርበት ደስ ይለኛል። ፕሮጀክተሩን የማገኘው ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ደም የበዛበትና ነውር ያለበት አይሆነኝም፤ ወላጅ ይመጣብኛል።

ሲኒማ ወዳጅ
መምህር፣ ብዙ አይድከሙ። "ባክ ቱ ዘ ፊውቸር" ክፍል 3፣ የ1990ውን ያሳዩአቸው። ዶክ ብራውን የሚባለው ሳይንቲስት የጊዜ ማሽን ባደረጋት መኪና ተወስዶ 1885 ላይ ቀርቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለች የካውቦይ ከተማ አንጥረኛ ሆኖ ይኖራል። ማርቲ የሚባለው ወጣት ሊያድነው ይሄዳል፤ የመኪናው የቤንዚን መስመር ግን ይቀደዳል። በዚያ ዘመን ማደያ የት አለ? ውስኪ ይሞክራሉ፣ ጭራሽ ሞተሩ ይበላሻል። መኪናዋ ደግሞ በሰዓት 88 ማይል፣ ማለትም 142 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልበረረች ጊዜ አትሻገርም። መጨረሻ ላይ በእንፋሎት ባቡር ከኋላ ይገፏታል። ችግር፣ ሙከራ፣ ክሽፈት፣ እንደገና ሙከራ። ለሳይንስ ክበብ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የድሬ ልጅ
ባቡር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። የባቡሩን ቦይለር፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ጋን፣ የሚያነዱት ዶክ ራሱ ባዘጋጃቸው ሦስት ዓይነት ማገዶዎች ነው። እሳቱ በየተራ እየበረታ ሲሄድ የጭሱ ቀለም ይቀየራል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የመለኪያው ቀስት ስትወጣ ቅርብ አድርገው ያሳዩዎታል። እዚያ ላይ ፊልሙን አቁመህ "ሙቀት ሲጨምር የታመቀው እንፋሎት ምን ይሆናል?" ብለህ ጠይቃቸው። ፒስተኑን የሚገፋው እሱ ነው።

142 ኪሎ ሜትር ለእንፋሎት ባቡር ተረት አይደለም። የእንግሊዙ ማላርድ በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ግን እሱ ለፍጥነት የተሠራ ነው፤ በ1885 የነበረ የገጠር ባቡር እንዲህ ይሮጣል ማለት ከባድ ነው። በነገራችን ላይ ፊልሙ ላይ ያለችው ሲየራ ቁጥር 3 የምትባል እውነተኛ ሎኮሞቲቭ ናት፤ የተሠራችው በ1891። ከታሪኩ ስድስት ዓመት ታንሳለች! በስንቱ ካውቦይ ፊልም ላይ እንደተወነች፣ ከብዙ አክተር ትበልጣለች።

የሁለት ልጆች እናት
ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ግን መምህር፣ ቀድመው ይዩት። ሽፍቶቹ ማርቲን በገመድ ሊሰቅሉት ሲሉ የሚያሳይ ቦታ አለ። ዶክ ገመዱን በጥይት በጥሶ ያድነዋል፤ ቢሆንም ትንንሾቹ ይደነግጣሉ። ሌላው ደግሞ ርዝመቱ 118 ደቂቃ ነው፤ ከሰዓትዎ ጋር አይገጥምም። ለሁለት ዓርብ ይክፈሉት። የፊተኞቹን ክፍሎች ያላየ ልጅ መጀመሪያው ላይ ግራ ስለሚገባው፣ እርስዎ በአጭሩ ይንገሯቸው።

ፒክስል
ሮቦት ለሚሉት "ዌስትወርልድ" አለ፣ የ1973ቱ። ሀብታሞች የካውቦይ ከተማ በሚመስል መዝናኛ ውስጥ ከሮቦቶች ጋር ይታኮሳሉ፤ ከዚያ ሮቦቶቹ እምቢ ይላሉ። 88 ደቂቃ ስለሆነ ከሰዓትህ ጋር ልክክ ይላል።

የሁለት ልጆች እናት
ኧረ በስመ አብ! እሱማ ሴተኛ አዳሪ ቤትም አለበት። ለሰባተኛ ክፍል?

ፒክስል
እሺ እታለም፣ ሙሉውን አላልኩም። በስሙ በኋላ የወጣው ተከታታይ ድራማማ ጭራሽ አይነሳም። እኔ ያሰብኩት አንዲት ቁራጭ ነው። ጥቁር የለበሰው ተኳሽ ሮቦት ሰውን የሚያይበት ዓይን አለ፤ ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው። ረጅም ፊልም ላይ ምስል በኮምፒውተር ሲቀነባበር ያ የመጀመሪያው ነበር። ልጆቹ በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ እስኪፈርስ ያጉሉትና ያወዳድሩት።

ቀልደኛው
"ዋይልድ ዋይልድ ዌስት"ን ማንም አልጠራውም? ዊል ስሚዝ፣ 1999፣ በእንፋሎት የሚሄድ ግዙፍ የብረት ሸረሪት!

ሲኒማ ወዳጅ
ሸረሪቷ ቆንጆ ናት፤ ፊልሙ ግን ውሃ አያነሳም። ቀልዱም ለልጅ አይሆንም። ማሽኑ ለምን እንደሚሠራ የሚያስብ ሰው የለበትም፣ ለማስደንገጥ ብቻ ነው ያመጡት። ከእሱ "ዘ ቫሊ ኦቭ ግዋንጂ" ይሻላል፣ የ1969። ካውቦዮች ዳይኖሰር በገመድ ጠልፈው ይይዛሉ። ዳይኖሰሩ በእጅ የሚንቀሳቀስ ትንሽ አሻንጉሊት ነው፤ ሬይ ሃሪሃውሰን የሚባለው ባለሙያ በየፍሬሙ፣ ማለትም በየአንዷ ፎቶ፣ ጥቂት ጥቂት እያነቃነቀ ነው ያነሳው። ልጆች በጭቃና በስልክ ይህንኑ መሥራት ይችላሉ።

ጋሼ
ልጆች፣ ሁላችሁም ሸረሪትና ዳይኖሰር ላይ ተጣዳችሁ። የዚያ የካውቦይ አገር ትልቁ ፈጠራ ቴሌግራፍ ነው፤ መልእክት በኤሌክትሪክ የሚያደርስ ሽቦ። ፖኒ ኤክስፕረስ የሚባሉት ፈረሰኞች ከሚዙሪ ካሊፎርኒያ ደብዳቤ ለማድረስ ወደ አሥር ቀን ይፈጅባቸው ነበር። በጥቅምት 24 ቀን 1861፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጣው የቴሌግራፍ ሽቦ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ተገናኘ። በሁለት ቀን ውስጥ ፈረሰኞቹ መዘጋታቸውን አወጁ። "ዌስተርን ዩኒየን" የሚለው የ1941 ፊልም ስለዚህ ሽቦ ዝርጋታ ነው። አንድ ነገር ግን ሳትነግራቸው እንዳታሳይ፦ እንደ ጊዜው ፊልሞች የአገሬውን ተወላጆች እንደ እንቅፋት ነው የሚያያቸው። ሽቦው የሚያልፈው በማን መሬት ላይ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከፊልሙ በኋላ ምስማር ላይ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ጠምጥመህ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘው። መርፌ ብድግ ሲያደርግ ያዩታል። ቴሌግራፍም እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ በሽቦ የመጣው ኤሌክትሪክ ብረት እየሳበ መልእክቱን ያደርሳል።

ጠመኔ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። የባቡሩን ፊልም በሁለት ዓርብ አሳያለሁ፤ የጋሼን ምስማር መሃል አስገባለሁ። እንግሊዝኛው ቢፈጥንባቸውስ? ትርጉም ፊልሙን ልፈልግ?

የድሬ ልጅ
አትፈልግ። ተርጓሚዎቹ ቀልዱን ያሳምሩታል፣ ማሽኑን ግን ዘለውት ያልፋሉ። አንተው እያቆምክ አስረዳ። በተለይ የዶክን የበረዶ ማሽን እንዳታሳልፋቸው። ቤቱን የሞላ ቧንቧና ጎማ ሲንጫጫ ቆይቶ አንዲት የደፈረሰች በረዶ ጠብ ያደርጋል። ይስቃሉ፤ ሲስቁ አቁመው። በረዶ የሚሠራ ማሽን በዚያ ዘመን በእርግጥ ነበረ፤ ፈረንሳዊው ፌርዲናን ካሬ በ1859 በአሞኒያ የሚሠራ ፈልስፏል። የቤታቸው ፍሪጅ ጀርባው ለምን እንደሚሞቅ ጠይቃቸው። ላፕቶፑን ግን አስቀድመህ ቻርጅ አድርግ፣ መብራት አይታመንም።