ለግቢ ዶሮ የቱ ካልሲየም ይሻላል? የክረምቱስ የእንቁላል መቀነስ?

ጥያቄ፦ 8 ቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ጣይ ዝርያ) ዶሮዎች አሉኝ፣ አዲስ አበባ። ሐምሌ ከገባ እንቁላሉ ቀነሰ፣ ቅርፊቱም ሳሳ። ምን ልግዛ?

— ሁለቱን ለዩአቸው። ካልሲየም ሲያንስ ቀድሞ የሚናገረው ቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከወረደ ካልሲየም መግዛት ብር መጣል ነው።

ለዘወትር የምጠቁመው የኖራ ድንጋይ ነው፤ መኖ ቤት «ላይምስቶን» በሉ። 38 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ነው። ጣይ ዶሮ በቀን 4 ግራም ገደማ ስለምትፈልግ ለአንዷ 10 ግራም ይበቃል። በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቤት ውስጥ ለምትቀላቅሉ፣ በ10 ኪሎ 900 ግራም። የፋብሪካ የጣይ መኖ ውስጥ ግን አስቀድሞ ገብቷል፣ አትደርቡበት። ከዱቄቱ ይልቅ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነውን ጠጠር ምረጡ። ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ዱቄቱ ያኔ አልፎ ሄዷል፣ ጠጠሩ ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ይሟሟል።

አደራ፣ የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው ኖራ የተቃጠለ ነው። አፍና አንጀት ይልጣል።

— የእንቁላል ቅርፊትስ? ነፃ ነው እኮ።

— ለድጎማ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። አንዱ ቅርፊት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ከዚያም ሁሉንም አትመጠውም። አፍሉት፣ አድርቁት፣ እንቁላል መምሰሉ እስኪጠፋ ውቀጡት፤ አለዚያ የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ያለው ፈሳሽ ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ3 ጋር ለጥቂት ቀን ማገገሚያ እንጂ የዘወትር አይደለም፣ ውድም ነው።

— ቁጥሩን በተመለከተ፦ ቀኑ አጠረ እንዳትሉ፣ ሐምሌ ረጅም ቀን ካላቸው ወራት ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነትም አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። መጀመሪያ ብርዱን፣ የረጠበ ጉዝጓዙንና የሻገተ መኖውን ጠርጥሩ። ጆንያውን ከመሬት አንሱ፣ ጉዝጓዙ ሲጨመቅ ከተጣበቀ ቀይሩ። እንደ ቦቫንስ ያሉት ግን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይወዳሉ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ አንድ ትንሽ አምፖል ይበቃል። መብራት በየቀኑ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ይሁን፤ ብርሃኑ አንዴ መጥቶ አንዴ ሲቀር ላባ ማራገፍ ይጀምራሉ።

— ቄብ ከጣዮቹ ጋር ካለች ጠጠሩን ለብቻ ዕቃ አድርጉ። ገና ያልጣለች ዶሮ በጣይ መጠን ከበላች ኩላሊቷ ይጎዳል።

— ቅርፊት አልባ እንቁላል በአንድ ጊዜ ከበዛ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የአንገት መጣመም ከታየ ደግሞ ፈንግል (ተላላፊው የዶሮ በሽታ) ይጠረጠራል። ያኔ ሐኪም ነው እንጂ ላይምስቶን አይደለም።