የቆየው የሂሳብ ሶፍትዌራችን በአዲሱ ሰርቨር ላይ ባዶ ገጽ ብቻ ያሳያል

ጥያቄ፦ መዝገብ ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። የድርጅታችን ሂሳብ ከ15 ዓመት በላይ የተሠራው በብሮውዘር በሚከፈት ሶፍትዌር ነው። የጻፈው ባለሙያ ሥራ ለቋል፤ ኮዱ ግን በእጃችን አለ። አሮጌው ማሽን ላይ ያለው ፒኤችፒ 5.3 (ኮዱ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ)፣ ማይኤስኪውኤል 5.1 (የመረጃ ቋቱ) እና አፓቺ 2.2 (ገጾቹን ለብሮውዘር የሚያቀርበው) ነው። ዲስኩ ስህተት ማሳየት ስለጀመረ ሁሉንም ወደ አዲስ ማሽን ገለበጥኩ። አዲሱ ፒኤችፒ 8.2፣ ማይኤስኪውኤል 8.0 እና አፓቺ 2.4 አለው። መጀመሪያ የ403 («መግባት ተከልክሏል») መልዕክት መጣ። የአፓቺን የፈቃድ መመሪያዎች በአዲሱ አጻጻፍ ስቀይራቸው አለፈ፤ አሁን ደግሞ ነጭ ገጽ ብቻ ነው የማየው። ወሩ ሊዘጋ 12 ቀን ቀርቶታል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

ስህተቱ አለ፤ ሰርቨሩ ስክሪን ላይ እንዳያወጣው ስለታዘዘ ነው የማይታይዎት። ያንን ትእዛዝ አይንኩት፤ የስህተት መዝገቡን ፋይል ከፍተው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ። ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚያገናኘው ፋንክሽን አልተገኘም የሚል እንደሚያገኙ እገምታለሁ። የድሮዎቹ የማይኤስኪውኤል ፋንክሽኖች እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በወጣው ፒኤችፒ 7.0 ሙሉ በሙሉ ተወግደዋል። በእነሱ ቦታ ማይኤስኪውኤልአይን ወይም ፒዲኦን መጠቀም ነው። ስም ቀይሮ ብቻ ማለፍ ግን አይቻልም፤ በማይኤስኪውኤልአይ ግንኙነቱ መጀመሪያ፣ ለመረጃ ቋቱ የሚላከው ጥያቄ ቀጥሎ ነው የሚጻፈው፤ በድሮው ተገላቢጦሽ ነበር።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፒኤችፒ 5.3 ተጠቃሚው በሚያስገባው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት በራሱ የሚያመክንበት (እንደ ትእዛዝ እንዳይቆጠር የሚያደርግበት) ቅንብር ነበረው። ከ5.4 ጀምሮ የለም። ኮድዎ በዚያ ተማምኖ ከተጻፈ በደንበኛ ስም ውስጥ ያለች አንዲት የጥቅስ ምልክት መዝገብ ታበላሻለች፤ ክፉ ሰው ካገኘው ደግሞ መላውን የመረጃ ቋት ያነብበታል። እያንዳንዱን ጥያቄ እሴቱ ለብቻው ወደሚላክበት አሠራር ይቀይሩት።

መልስ፦ ባለ ኮንቴይነር

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ በ12 ቀን ግን አያልቅም፤ ቢቸኩሉ ሂሳብ ያበላሻሉ። እኔ ብሆን ለጊዜው ፒኤችፒ 5.6ን በዶከር ኮንቴይነር (ከማሽኑ ሌላ ሶፍትዌር ተለይቶ በሚሠራ ሳጥን) ውስጥ አስነሳለሁ። የድሮ ፋንክሽኖቹ እዚያ አሉ፤ የጥቅስ ምልክቱን ጉዳይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ገጽ በፊት በምትነበብ አጭር ፋይል መተካት ይቻላል። ፒኤችፒ 5.6 ከማይኤስኪውኤል 8.0 ጋር በነባሪው ቅንብር አይግባባም፤ ስለዚህ አጠገቡ ማሪያዲቢ የተባለውን ተመሳሳይ የመረጃ ቋት ያስቀምጡ። ከፊት ለፊት አዲሱ አፓቺ 2.4 ይቁም፤ ምስጠራውንና የመግቢያ ቁጥጥሩን እሱ ይያዝ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ከውስጥ ኔትወርክ ውጭ እንዳይከፈት። ለፒኤችፒ 5.6 የደህንነት ማስተካከያ መውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው።

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

በዚህ እስማማለሁ፤ ኮንቴይነሩ የሚጠፋበት ቀን ዛሬውኑ በጽሑፍ ከተያዘ። እኔ የማውቀው አንድ «ጊዜያዊ» ሰርቨር ስድስት ዓመት ኖሯል።

መልስ፦ የፊደል ጉዳይ

ስለ መረጃ ቋቱ ልጨምር። የደንበኞቹ ስም በአማርኛ ከሆነ በአዲሱ ማሽን ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ እንደሚታይዎት አልጠራጠርም። የዚያን ዘመን ሶፍትዌሮች ሠንጠረዡን ላቲን 1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ኮድ) ነው ብለው ያውጁና ውስጡ የዩቲኤፍ 8 (አማርኛንም የሚይዝ ኮድ) ባይቶችን ያስቀምጡ ነበር። አዲሱ ሰርቨር አዋጁን አምኖ ባይቶቹን እንደገና ይተረጉማቸዋል። መፍትሔው ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ባይነሪ (ጥሬ ባይት) ዓይነት፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (በማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ 8) መቀየር ነው። በቀጥታ ከቀየሩት ብልሽቱ ይጸናል።

ይህንንም ይመልከቱ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። በላቲን 1 ግን አንድ ቁምፊ አንድ ባይት ስለሆነ፣ ለምሳሌ 60 ቁምፊ ይይዛል የተባለው የስም ዓምድ 20 ፊደል ብቻ ነበር የሚችለው። ረዥም የድርጅት ስሞች ከዓመታት በፊት ተቆርጠዋል፤ ክፍተት አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ ክፍተት ያለበት ስም ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ፊደል መሃሉ ላይ ተቆርጦ ይሆናል፤ ቅየራው እዚያ መዝገብ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እነዚህን ለይታችሁ በእጅ አስተካክሉ።

ያልተከፈለ ደረሰኝ የክፍያ ቀኑ ሁሉ ዜሮ ሆኖ ከተመዘገበም አዲሱ ማይኤስኪውኤል አይቀበለውም፤ ባዶ እሴት ያድርጉት።

መልስ፦ ዴቢትና ክሬዲት

እኔ ፕሮግራም አልጽፍም፤ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ገጹ ስለተከፈተ ብቻ ተሳካ እንዳትሉ። አሮጌው ማሽን ከመሞቱ በፊት የየዓመቱን መጨረሻ ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሂሳቦች ዴቢትና ክሬዲት ማነጻጸሪያ)፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ሂሳብ ዝርዝር፣ የመጨረሻውን የደረሰኝ ቁጥር አትሙና ፈርማችሁ አስቀምጡ። ከዚያ አንድ የተዘጋ ወር ምረጡ፤ የዚያን ወር ሰነዶች በሙሉ በአዲሱ ላይ እንደገና መዝግቡና ሂሳብ በሂሳብ አስተያዩ። የድሮውን መረጃ ገልብጦ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ የተቀመጠ ቁጥር አይለወጥማ፤ የሚለወጠው ስሌቱ ነው። ዴቢትና ክሬዲት እኩል መምጣታቸውም አያሳምናችሁ፤ ስህተቱ በሁለቱም ወገን ከገባ እኩል ይሆናል።

ጠያቂው ተመልሶ፦ መዝገብ ያዥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮንቴይነሩ በሁለት ቀን ተነሣ፤ ወሩም በጊዜው ተዘጋ። የሚጠፋበትን ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። የተቆረጡ ስሞች 31 ሆነው ተገኙ፤ ከወረቀት ውሎቹ እያየን ሞላናቸው።

በፒኤችፒ 8.2 የተስተካከለውን ቅጂ ግን ዴቢትና ክሬዲት እንዳሉት አንድ የተዘጋ ወር መልሰን መዝግበን ፈተንነው። ትራያል ባላንሱ እኩል ወጣ። ከአሮጌው ኅትመት ጋር ሳስተያየው ግን ተሰብሳቢ ሂሳብ በ1,845.00 በልጧል፤ የሚከፈለው ታክስም በዚያው ልክ። አንድ ቀን ሙሉ ፈለግሁ። ከታክስ ነጻ ለሆኑ ደንበኞች የተጻፉ ሦስት ደረሰኞች ላይ ታክስ ተጨምሮባቸዋል።

ኮዱ የታክሱን ዓምድ አንብቦ «ከዜሮ ጋር እኩል ከሆነ ታክስ አታስላ» ይላል። በዓምዱ ውስጥ የተጻፈው ደግሞ «ነጻ» የሚል ቃል ነው። የሌሊት ተረኛ፣ ይህ ለምን ሆነ?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

ከ8.0 በፊት ፒኤችፒ ቁጥር የሌለበትን ጽሑፍ ከዜሮ ጋር ሲያወዳድር ጽሑፉን ዜሮ አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ ስለዚህ «ነጻ» ከዜሮ ጋር እኩል ነበር። ከ8.0 ጀምሮ ዜሮውን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ስለሚያወዳድር እኩል አይደሉም። የስህተት መልዕክት አይሰጥም፤ በመዝገቡም አይታይም። በኮዱ ውስጥ ከዜሮ ወይም ከባዶ ጽሑፍ ጋር የሚደረጉ ማወዳደሪያዎችን በሙሉ ፈልገው አንድ በአንድ ያንብቡ፤ እዚህኛው ላይ «ነጻ» የሚለውን ቃል ራሱን ይጠይቅ።

መዝገብ ያዥ

ፈልጌ 214 አገኘሁ። 60ዎቹን አንብቤያለሁ፤ ሁለት ሌሎች ተገኝተዋል፤ አንዱ የቅናሽ ስሌት ላይ ነው። ሦስቱን ደረሰኞች አስተካክዬ ስመዘግብ የ1,845.00 ልዩነቱ ጠፍቷል። ነገ ከ61ኛው እቀጥላለሁ።