በፖስትጂአይኤስ ለአዲንዳን የራስን የመጋጠሚያ ሥርዓት መመዝገብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአዲንዳን ዳተም (መጋጠሚያዎች የሚለኩበት የቆየ መነሻ)፣ በዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ ትንበያ) ዞን 37 ሰሜን የተሠሩ የቆዩ የቦታ ካርታዎችን ወደ ፖስትጂአይኤስ 3 (የቦታ መረጃ የሚይዝ የመረጃ ቋት) እያስገባሁ ነው። ከቋቱ የመጋጠሚያ ሥርዓቶች ሠንጠረዥ የኢፒኤስጂ (የመጋጠሚያ ሥርዓቶች መዝገብ) 20137ን መስመር ገልብጬ፣ መለያ ቁጥሩን 910137 አድርጌ፣ ለኢትዮጵያ የሚያገለግሉትን የማሸጋገሪያ እሴቶች፣ ማለትም -165፣ -11 እና 206ን፣ በፕሮጅ ጽሑፉ (ሥርዓቱን ለመቀየሪያው ሶፍትዌር ለፕሮጅ በሚገልጸው ዓምድ) ላይ ብጨምርም፣ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ ወደሚጠቀምበት ዳተም) ስቀይረው ውጤቱ ከበፊቱ ፈጽሞ አልተለየም። የአንድ ግቢ አጥር አሁንም ጥቂት ሜትሮች ተገፍቶ አስፋልቱ ላይ ያርፋል። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ 1፦ ችግሩ ያለው ገልብጠው በተዉት ክፍል ነው። ከስሪት 3 ጀምሮ ፖስትጂአይኤስ አስቀድሞ የሚያነበው የመዝጋቢውን ተቋም ስምና ቁጥር ነው፤ እነዚህ ከሌሉ ወደ ደብሊውኬቲ ጽሑፉ (ሥርዓቱን በሌላ የጽሑፍ ቅርጽ ወደሚገልጸው ዓምድ) ይሄዳል፤ የፕሮጅ ጽሑፉ የመጨረሻው ነው። «ኢፒኤስጂ፣ 20137» የሚለው እዚያው እስካለ ድረስ የእርስዎ እሴቶች አይነበቡም። የተቋሙን ስም፣ ቁጥሩንና የደብሊውኬቲ ጽሑፉን የያዙትን ሦስቱንም ዓምዶች ባዶ ያድርጓቸው፤ የፕሮጅ ጽሑፉን ግን ይተዉት። የመረጡት ቁጥር ደህና ነው፤ ከ998999 እስካልበለጠ ድረስ ለተጠቃሚ የተፈቀደ ነው።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ግማሽ ቀን አድክሞኛል። ከመረጃ ቋቱ ጋር ያለዎት ግንኙነት የሥርዓቱን የቀድሞ ትርጉም በማኅደረ ትውስታው ስለሚይዝ፣ መስመሩን ካስተካከሉ በኋላ ዘግተው እንደገና ይገናኙ። ውጤቱንም በአጥር ሳይሆን፣ መጋጠሚያው በሁለቱም ዳተም በሚታወቅ የቅየሳ መቆጣጠሪያ ነጥብ ይፈትኑት።

ጠያቂ፦ ዓምዶቹን ባዶ አድርጌ እንደገና ስገናኝ አጥሩ ከአስፋልቱ ወርዷል። ከልብ አመሰግናለሁ።